ሙሴ ኢልግና የውሉ ሦስተኛ ክፍል
ስለ አንድ የባቡር ሐዲድ አስጀማሪ የሕይወት ታሪክ አጻጻፍ የቀረበ ኂስ

ስለ ስዊሱ መሐንዲስ ስለ ሙሴ አልፍሬድ ኢልግ የተጻፈውን የሚያነብ ሰው ሁሉ ገና ከደጃፉ ላይ የሚያገኘው የጫማውን ወግ ነው። ወጣቱ መሐንዲስ በ1871 ዓ.ም. አንኮበር በደረሱ ጊዜ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጫማ እንዲሠሩላቸው ጠየቋቸው ይባላል። እርሳቸውም የተማርኩት ድልድይና መኪና ነው እንጂ ጫማ መስፋት አይደለም ቢሉ ሰሚ አጡ፤ ከብዙ ድካም በኋላ ጫማውን ሠርተው አቀረቡ። ቀጥሎ ደግሞ ጠመንጃ ሥራ ተባሉ፤ እርሱንም እንደ ምንም ሠሩ። ከዚያ ወዲያ ንጉሡ ይህ ሰው የሚያቅተው ነገር የለም ብለው ከአጠገባቸው አላራቋቸውም ይላል ወጉ።

ይህ በእርግጥ የሆነ ነው ወይስ በኋላ ሰዎች የጨመሩት ነው ብለን እዚህ አንከራከርም። ክርክራችን ወጉ በሕይወት ታሪካቸው ውስጥ ስለያዘው ሰፊ ቦታ ነው። አንድ ሰው በባዕድ አገር ከ25 ዓመት በላይ ኖረው፣ የአገሩን የመጀመሪያ የባቡር ውል ተቀብለው፣ በመንግሥት አማካሪነት ማዕርግ ከአውሮፓ መልእክተኞች ጋር ሲነጋገሩ ቆይተው ሲያበቁ የሚታወሱት በጫማ ከሆነ ጥፋቱ የጸሐፊዎቹ ነው። ሙሴ ኢልግ እንደ ብልህ የእጅ ባለሙያና እንደ አስገራሚ ሰው ብዙ ተጽፎላቸዋል፤ እንደ ፖለቲካ ሰው የተጻፈላቸው ግን ከዚያ በጣም ያንሳል። ለዚህ አስተያየታችን ማስረጃ አድርገን የምናቀርበው ብዙ ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚታለፈውን የባቡር ውሉን ሦስተኛ ክፍል ነው። ይህን ያረቀቅነው በወላይታ፣ ጉኑኖ ላይ ሆነን መሆኑ ለነገሩ ባዕድ እንዳልሆነ አንባቢ ወደ ኋላ ያየዋል። ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ካልተባለ በቀር በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተነገሩ ናቸው።

ታሪካቸውን በአጭሩ እናስታውስ። ሙሴ ኢልግ በ1846 ዓ.ም. ፍራወንፌልድ በምትባል የስዊስ ከተማ ተወለዱ። በዙሪክ የታወቀው የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት በምሕንድስና ተመረቁ። ከሁለት ስዊሳውያን የእጅ ባለሙያዎች ጋር ወደ ሸዋ መጡ። በአዋሽ ላይ ድልድይ አቆሙ፤ ውሃ በቧንቧ ከእንጦጦ ተራራ ወደ ቤተ መንግሥት እንዲወርድ አደረጉ፤ የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ቴምብሮች በፓሪስ እንዲታተሙ ደከሙ። በ1886 ዓ.ም. የባቡሩን ውል ተቀበሉ። ከዓድዋ ድል በኋላ በመጋቢት ወር 1889 ዓ.ም. የመንግሥት አማካሪ ተብለው ተሾሙ። እ.ኤ.አ. በ1906 አገሩን ለቀው ሄዱ፤ በሚከተለው ዓመት ከሥራቸው መሰናበታቸውን አስታወቁ፤ በ1908 ዓ.ም. ዙሪክ ላይ ዐረፉ። እንዲህ ሲነገር ሕይወታቸው ከድልድይ ወደ ቧንቧ፣ ከቧንቧ ወደ ባቡር የሚሄድ የአንድ የሥራ ሰው ሕይወት ይመስላል። ይህን መልክ መጀመሪያ ከሰጧቸው ሰዎች አንዱ ኮንራድ ኬለር ናቸው።

ኬለር የዙሪክ የእንስሳት ጥናት ሊቅ ነበሩ። ሙሴ ኢልግ በሞቱ በሁለተኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1918፣ የሕይወታቸውን ታሪክ በጀርመንኛ አሳተሙ። ከርእሱ ብንጀምር መጽሐፉ ሙሴ ኢልግን «በሐበሻ አገር የስዊስ የባህል መልእክተኛ» ይላቸዋል። ኬለር ለወዳጅና ለአገር ልጅ ክብር መጻፋቸው አያስነቅፋቸውም። ጊዜውም ሊታሰብ ይገባል። ታላላቆቹ የአውሮፓ መንግሥታት በጦርነት ሲተላለቁ ከዳር የቆመች ትንሽ አገር፣ ቅኝ ግዛት ሳይዝ በሩቅ አገር ስም ያተረፈ ልጇን ብታከብር ማን ይፈርድባታል? ነገር ግን «መልእክተኛ» የሚለውን ቃል እንደ ዋዛ ልናሳልፈው አንችልም። መልእክተኛ የተሰጠውን ያደርሳል እንጂ የ99 ዓመት ውል በስሙ አይቀበልም፤ ኩባንያ አያቆምም፤ አክሲዮን አይሸጥም። ሙሴ ኢልግ ይህን ሁሉ አድርገዋል። ሦስቱንም ማድረጋቸው ነውር አይደለም፤ ነገር ግን ሦስቱን ያደረገ ሰው በባህል መልእክተኛ ስም ሲሸፈን አንባቢው የሂሳብ መዝገቡን ለመጠየቅ ያፍራል።

በዚህ ላይ የሌላውን ዓለም ምሳሌ ማየት ይጠቅማል። በእንግሊዝ አገር በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን ፖለቲከኛም ባቡር አስጀማሪም የነበሩ፣ ጠባያቸውም ከሰው ሁሉ የተለየ ሰዎች ብቅ ብለዋል። ጆርጅ ሃድሰን የዮርክ ከተማ የጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ «የባቡር ንጉሥ» እስከ መባል ደረሰ፤ እ.ኤ.አ. በ1845 የሰንደርላንድ እንደራሴ ሆኖ ፓርላማ ገባ፤ በ1849 ግን ከዋናው ገንዘብ ላይ እየቆነጠረ ትርፍ ነው ብሎ ማከፋፈሉ ተገልጦ ወደቀ። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ሰር ኤድዋርድ ዋትኪን ደግሞ ከማንቸስተር ተነሥቶ በባሕር ሥር አልፎ ፓሪስ የሚገባ ባቡር ያልም ነበር፤ ቁፋሮውንም አስጀምሮ መንግሥቱ ለጠላት በር ይከፈታል ብሎ ስለ ፈራ አስቆመው። ይህ አልበቃ ብሎት ዌምብሊ ላይ ከኤፌል ግንብ የሚበልጥ ግንብ ሊያቆም ተነሣ፤ የመጀመሪያው ደርብ ብቻ ተሠርቶ ቀረና ኋላ ፈረሰ። የእነዚህም ሰዎች ታሪክ ጸሐፊዎች እንደ እኛዎቹ ከአስገራሚው ነገር መጀመር ይወዳሉ። ልዩነቱ እዚያ የአክሲዮን ባለቤቶች ስብሰባ ነበረ፤ ፓርላማ ነበረ፤ ጋዜጣ ነበረ። ጸሐፊው ስለ ግንቡ ሲያወራ ቢውልም እግሩ ከሂሳብ መዝገቡ ጋር መደናቀፉ አይቀርም። እኛ ዘንድ ግን ውል ተቀባዩና የመንግሥቱ አማካሪ አንድ ሰው ነበሩ። ጠያቂ ሸንጎ በሌለበት ቦታ ጥያቄው ለታሪክ ጸሐፊ ይተርፋል፤ ጸሐፊውም ጫማ ሲያወራ ከዋለ ጥያቄው ሳይጠየቅ ይቀራል።

አሁን ወደ ውሉ እንግባ። መጋቢት 1 ቀን 1886 ዓ.ም. ዓፄ ምኒልክ ለሙሴ ኢልግ የሰጡት ፈቃድ መሥመሩን በሦስት ይከፍለዋል። የመጀመሪያው ክፍል ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሦስተኛው ከእንጦጦ ተነሥቶ እስከ ካፋና እስከ ነጭ ዓባይ ነው። ከቀይ ባሕር ወይም ከሕንድ ውቅያኖስ ወደ ኢትዮጵያና ወደ ነጭ ዓባይ የሚመጣ ተወዳዳሪ መሥመር ሌላ ኩባንያ እንዳይሠራም ይከለክላል። ዘመኑ ሲያልቅ ሐዲዱ ለኢትዮጵያ መንግሥት ይመለሳል።

የመጀመሪያው ክፍል ሥራ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1897 ጅቡቲ ላይ ተጀመረ፤ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ ደረሰ፤ የደረሰው ግን ሐረር አይደለም። ተራራውን መውጣት ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ስለ ሆነ ከሐረር በታች በቆላው ላይ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ፤ እርስዋም ድሬዳዋ ናት። ሁለተኛው ክፍል አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ ሙሴ ኢልግ ከሞቱ አንድ ዓመት አልፎ ነበር። ሐዲዱ በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር ሆነ። ከሦስተኛው ክፍል አንዲት ክንድ እንኳ አልተዘረጋችም።

ከዚህም የተነሣ ጸሐፊዎቹ «ሦስተኛው ክፍል ሳይሠራ ቀረ» ብለው ያልፋሉ። ስላልተሠራ ነገር ምን ይጻፋል? የሐዲዱን ታሪክ ለሚጽፍ ሰው ይህ መልስ ይበቃ ይሆናል። የአስጀማሪውን ሕይወት ለሚጽፍ ሰው ግን አይበቃም። የተሠራው ሐዲድ የሚያሳየን ተራራውንና ገንዘቡን ነው፤ መሐንዲሱም ኩባንያውም ለእነዚህ ሁለቱ መታዘዝ ነበረባቸው። ያልተሠራው ግን በወረቀት ላይ ብቻ ስለ ነበረ ማንም አላጣመመውም፤ የተዋዋዮቹን ምኞት እንዳለ ይዞ ቆይቶልናል።

እንግዲህ እንጠይቅ፤ በመጋቢት 1886 ዓ.ም. ካፋ የማን ነበረች? ካፋ የራስዋ ንጉሥ ነበራት። የመጨረሻው ንጉሥዋ ጋኪ ሸሮቾ የተያዙት በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ዘመቻ እ.ኤ.አ. በ1897 ነው፤ ይኸውም ውሉ ከተሰጠ ከሦስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ወደ ነጭ ዓባይ በሚወስደው ሜዳ ላይም በዚያ ጊዜ የኢትዮጵያ አገረ ገዥ አልተቀመጠም ነበር፤ በሱዳን በኩል ድርቡሾች ገና አልተሸነፉም። ስለዚህ ውል ሰጪው ንጉሠ ነገሥት ገና በእጃቸው ባልገባ አገር ላይ ሐዲድ እንዲዘረጋ ፈቀዱ፤ ውል ተቀባዩም ይህን እያወቁ ተቀበሉ። አካባቢውን አሥራ አምስት ዓመት ሲያዩ የኖሩ ሰው ካፋ ነጻ አገር መሆንዋን አላወቁም የሚል ካለ ያስረዳን።

ነገሩ ግን እብደት አልነበረም። ዓፄ ምኒልክ በ1883 ዓ.ም. ለአውሮፓ መንግሥታት በላኩት የታወቀ ደብዳቤ የአገራቸው ወሰን በምዕራብ እስከ ካርቱም፣ በደቡብም እስከ ኒያንዛ ሐይቅ እንዲደርስ የማድረግ አሳባቸውን ገልጸው ነበር። የውሉን ሦስተኛ ክፍል ከዚህ ደብዳቤ አጠገብ አስቀምጦ ማንበብ ነው። ደብዳቤው ለመንግሥታት በወሰን ስም የተናገረውን ውሉ ለባለ ገንዘቦች በሐዲድ ስም ደገመላቸው። ከፓሪስ በኩል ሲታይ ደግሞ ከጅቡቲ ተነሥቶ ነጭ ዓባይ የሚደርስ ሐዲድ ከፈረንሳይ የዓባይ ፖለቲካ ጋር የሚስማማ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1898 ማርሻን የተባለው የፈረንሳይ መኮንን ፋሾዳ ላይ ባንዲራ ሲተክል ያ ፖለቲካ ለሁሉ ተገለጠ። ሁለት ምኞት በአንድ አንቀጽ አጣምሮ፣ ለእያንዳንዱ ወገን የሚወደውን የሚያስነብብ ውል ማሰናዳት የጫማ ሰፊ ብልሃት አይደለም። የፖለቲካ ሰው ሥራ ነው፤ እንደዚያ ተደርጎም ሊመሰገን ወይም ሊነቀፍ ይገባል።

አሁን ደግሞ ወደ ወላይታ እንምጣ። ውሉ የወላይታን ስም አይጠራም። ከእንጦጦ ወደ ካፋ በቀጥታ መሥመር ቢሰመር ከኦሞ ወንዝ ወዲያ ማዶ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ ባቡሩ ቢሠራ ኖሮ በጉኑኖ ያልፍ ነበር ብለን አንመጻደቅም። ለምርምር ሰዎች ጉኑኖ የታወቀችው በአፈር ጥበቃ ጥናት ነው እንጂ ከባቡር ጋር ስሟን ያነሣ የለም። የምንለው ሌላ ነው። ውሉ ከተሰጠ ከዘጠኝ ወር በኋላ፣ በ1887 ዓ.ም. መጀመሪያዎቹ ወራት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ጦር እየመሩ ወላይታ ገቡ። ካዎ ጦና ግብሩን አልቀበልም ብለው ሲዋጉ ቆስለው ተማረኩ። በውሉ ላይ በቀለም የተሰመረው የደቡብ ምዕራብ አቅጣጫ በመሬት ላይ በዚህ ዓይነት መንገድ እየተከፈተ ነበር፤ ካፋም በተራዋ ተከተለች። ዘመቻው ለባቡር ሲባል የተደረገ ነው አንልም። ከክፉ ቀን ወዲህ የሰሜኑና የመካከሉ አገር ከብት አልቆ ስለ ነበር የከብቱ ነገር አንዱ ምክንያት ነው፤ የግብሩም እንቢታ ሌላው ነው። ነገር ግን በአንድ ዓመት ውስጥ የሆኑ ሁለት ነገሮች፣ የአንዱ ታሪክ በዙሪክ፣ የሌላው ታሪክ በወላይታ ተለያይቶ ሲነገር መኖሩ ትክክል አይደለም።

ስለ ዘመቻው ሁለት የጽሑፍ ምስክሮችን እናነሣለን። አንደኛው የጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ የዳግማዊ ምኒልክ ታሪክ ነው። ይህ መጽሐፍ አስቀድሞ ወደ ፈረንሳይኛ ተተርጉሞ ፓሪስ ታተመ፤ በአማርኛ የታተመው በ1959 ዓ.ም. ነው። አማርኛው እጅግ ያማረ ነው፤ የዘመኑን የቤተ መንግሥት አነጋገር ለሚያጠና ተማሪ እንደርሱ ያለ መምህር በቀላሉ አይገኝም። ዳሩ ግን ወላይታን የሚያየው ከንጉሠ ነገሥቱ ድንኳን ሆኖ ነው። ይህም የዜና መዋዕል ጠባይ ስለ ሆነ ጸሐፌ ትእዛዙን አንወቅስም፤ ከዜና መዋዕል ሌላ ነገር ሳይፈልጉ ታሪክ ጻፍን የሚሉትን ነው የምንወቅስ።

ሁለተኛው ምስክር ቫንደርሄይም የሚባሉት ፈረንሳዊ ናቸው። ለአንድ የንግድ ኩባንያ ወኪል ሆነው መጥተው ሃያ ወር ያህል በአገሩ ተቀመጡ፤ ከጦሩ ጋር ወላይታ ዘምተው ያዩትን እ.ኤ.አ. በ1896 ፓሪስ ላይ አሳተሙ። የፈሰሰውን ደም፣ የተነዳውን ከብት፣ የተማረከውን ሰው ጽፈዋል፤ ባዩትም ነገር ልባቸው ደንግጧል። ምስክርነታቸው ዋጋ አለው። ነገር ግን እርሳቸውም የመጡት ለንግድ መሆኑን፣ በዚያ ዘመን ከፈረንሳይ ጅቡቲ በኩል ወደ ሸዋ ይገባ ከነበረው ሸቀጥ ዋናው ጠመንጃ መሆኑን አንባቢ አይርሳ። ስለ ሠራዊቱ ጭካኔ የሚደነግጥ አውሮፓዊ መጽሐፍ ሁሉ ሠራዊቱ የያዘው ጠመንጃ ከየት መጣ የሚለውን ጥያቄ በራሱ ላይ ቢያነሣ መልካም ነበር። ቫንደርሄይምን ያዩትን በተመለከተ እናምናቸዋለን፤ ምክንያቱን ሲያስረዱ ግን በጥንቃቄ እንሰማቸዋለን።

በዚህ ስፍራ የሙሴ ኢልግ ወዳጆች የሚወዱትን አንድ ነገር ማንሣት ግድ ነው። ግጥሙን ትቶ ሐረር ላይ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ ከሙሴ ኢልግ ጋር እ.ኤ.አ. ከ1888 እስከ 1891 ይጻጻፍ ነበር። ደብዳቤዎቹ በአብዛኛው የንግድ ናቸው፤ ስለ ሸቀጥና ስለ ግመል ኪራይ ለሚመራመር ሰው ግሩም ምንጭ ናቸው። በአንድ ጊዜ ራምቦ አንድ በቅሎና ሁለት ባሪያ እንዲገዙለት ለመናቸው። ሙሴ ኢልግ በ1890 (እ.ኤ.አ.) በጻፉት መልስ ስለ ባሪያዎቹ ይቅርታ ጠይቀው፣ ከዚህ በፊት ባሪያ ገዝተው እንደማያውቁና አሁንም ሊጀምሩ እንደማይፈልጉ ነገሩት። መልሱ ቀጥተኛ ነው፤ ያስከብራቸዋልም። በዚያ ዘመን በዚያ አገር ከነበሩት ነጋዴዎች ይህን ያለ ብዙ አልነበረም።

ታዲያ ይህን ደብዳቤ የሚጠቅስ የሕይወት ታሪክ ጸሐፊ ከአራት ዓመት በኋላ ወላይታ የሆነውን አብሮ ማስቀመጥ አለበት። ሁለት ሰው መግዛትን እንቢ ያሉት ሰው የመንግሥቱን መንገድ የሚያሰፋ ውል በእጃቸው ይዘው ሳለ፣ ያው መንግሥት ከደቡብ እጅግ ብዙ ምርኮኛ ይዞ ተመለሰ። ይህን ስንል የወላይታን ጥፋት በሙሴ ኢልግ ራስ ላይ ለመጫን አይደለም። ደግ ሰው መሆናቸውን የሚያስረዳ ማስረጃ ሲቀርብ ደግነታቸው የቆመበት ዘመን ምን ዓይነት እንደ ነበረ አብሮ ይቅረብ ነው የምንለው። የጉኑኖ አንባቢ ራምቦ ስለ ጠየቃቸው ሁለት ሰዎች በብዙ መጽሐፍ ሲያነብ፣ ስለ አያቶቹ ግን በአንድ የፈረንሳይኛ የጉዞ መጽሐፍ ውስጥ ብቻ ሲፈልግ ቢገረም አይፈረድበትም።

ወደ ኩባንያው እንመለስ። ሙሴ ኢልግና የሥራ ጓደኛቸው ሙሴ ሊዮን ሼፍኖ እ.ኤ.አ. በ1896 ፓሪስ ላይ «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት የምድር ባቡር ኩባንያ» የሚል ትርጉም ያለው ስም የተሰጠውን ማኅበር አቆሙ። ስሙ ታላቅ፣ ገንዘቡ ትንሽ ነበር። ሐዲዱ በረሓውን ገና ሳይጨርስ ገንዘቡ አለቀ፤ የእንግሊዝ ባለ ገንዘቦች አክሲዮን መግዛት ጀመሩ። ፈረንሳይ ይህን ፈርታ በጥር ወር 1894 ዓ.ም. ከኩባንያው ጋር ስምምነት አደረገች። ለ50 ዓመት በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ልትሰጥ፣ በምላሹም በኩባንያው ሥራ ላይ የመቆጣጠር ሥልጣን ልታገኝ ተዋዋለች። ዓፄ ምኒልክ ይህን በሰሙ ጊዜ ተቈጡ። የራሳቸው ፈቃድ የሰጠው ንግድ የሌላ መንግሥት እጅ ሆኖ ቢያገኙት አይደንቅም።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ የጫማው ወግ የሚያስከትለው ጉዳት። በ1894 ዓ.ም. ሙሴ ኢልግ የመንግሥት አማካሪ ናቸው፤ የኩባንያውም መሥራች ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱን ስለ ኩባንያው የሚያማክረው ሰው ኩባንያውን ያቆመው ሰው ነው። ይህን ሁለት ወንበር በአንድ ሰው የመያዝ ጉዳይ የሕይወታቸው ዋና ምዕራፍ አድርጎ መጻፍ ይገባ ነበር። በጠቅላላው የሚነገረው ግን ፈረንሳይ ስለ አታለለች፣ ንጉሡ ስለ ተቈጡ፣ መሐንዲሱም በመካከል ስለ ተንገላቱ ነው። ሙሴ ኢልግን ከዳተኛ ነበሩ አንልም፤ በዓድዋ ዘመንና ከዓድዋ በኋላ ለኢትዮጵያ ነጻነት የደከሙትን የሚክድ የለም። ነገር ግን በቅንነት የተያዙ ሁለት ወንበሮችም ሁለት ወንበሮች ናቸው።

ከኢትዮጵያውያን ወገን ነገሩን ከሥሩ የተመለከቱት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። እርሳቸው ስለ ሙሴ ኢልግ አልጻፉም። ነገር ግን በምድር ባቡሩ ሥራ ተቆጣጣሪ፣ በድሬዳዋም ነጋድራስ ሆነው ስላገለገሉ ባቡሩ ምን ይዞ እንደሚወጣና ምን ይዞ እንደሚገባ በዓይናቸው ያዩ ሰው ነበሩ። ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው የመንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር መጽሐፋቸው ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ዕውቀት ካለው ሕዝብ ጋር ሲገበያይ ድካሙ ሁሉ ለሌላው እንደሚሆን ያስረዳል። ይህን ይዞ ወደ ኬለር መጽሐፍ የተመለሰ አንባቢ «የባህል መልእክተኛ» የሚለውን ስም እንደ ቀድሞው ዝም ብሎ አይቀበለውም። የአገራችን ተማሪዎች ስለ ምኒልክ ዘመን አውሮፓውያን ሲያጠኑ ነጋድራስን ከኢኮኖሚ ትምህርት ክፍል አውጥተው ወደ ታሪክ ክፍል ቢያመጧቸው ምኞታችን ነው።

ነገሩን ለማረም መንገዱ ተዘግቶ አይደለም። ፕሮፌሰር ባይሩ ታፍላ ሙሴ ኢልግ ከተዉት ወረቀት ውስጥ ከ1884 እስከ 1900 (እ.ኤ.አ.) የተጻፉትን የአማርኛ ሰነዶች መርጠው እ.ኤ.አ. በ2000 አሳትመዋል። ያነሧቸውና የሰበሰቧቸው ፎቶግራፎችም በዙሪክ ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም ይገኛሉ፤ ስለ እነርሱም መጽሐፍ ተጽፎአል። የአማርኛዎቹ ሰነዶች ጥቅም በአንድ ነገር ታላቅ ነው፤ ምኒልክን የሚያስገርም ነገር ሲያሳዩት እንደሚደነቅ ሰው ሳይሆን አዛዥና ሂሳብ ጠያቂ አድርገው ያሳያሉ። በጫማው ወግ ውስጥ ንጉሡ የሚያስቁ፣ መሐንዲሱ የሚያስደንቁ ናቸው። በሰነዶቹ ውስጥ ሁለት የሚተዋወቁ የፖለቲካ ሰዎች ሥራ ይነጋገራሉ። እነዚህን ሰነዶች ከወላይታና ከካፋ ሽማግሌዎች ቃል ጋር ያስተያየ ጥናት ከእኛ ተማሪዎች መካከል ቢወጣ፣ ቋንቋውን ከውጭ አገር ሊቃውንት ይልቅ እኛ እናውቀዋለንና፣ ሌላ ሰው የማይጽፈው ጥናት ይሆናል።

የቀረን ሦስተኛው ክፍል እንዴት እንደ ሞተ መናገር ነው፤ የሕይወት ታሪኮቹ መርዶውን አልነገሩንምና። በግንቦት ወር 1894 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከእንግሊዝ ጋር ባደረገችው የወሰን ውል አምስተኛ አንቀጽ እንግሊዝ ሱዳንንና ኡጋንዳን የሚያገናኝ ሐዲድ በኢትዮጵያ መሬት ላይ እንድታሳልፍ ተፈቀደላት። ውሉን የፈረሙት ያው ምኒልክ ናቸው፤ የፈረንሳይና የኩባንያው ስምምነት ከተደረገ አራት ወር እንኳ አልሞላም ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በአንዱ የተናደዱበትን በሌላው ለማመዛዘን ፈልገው ይሆናል ብለን እንገምታለን። ቀጥሎ በታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ በለንደን ተስማምተው የኢትዮጵያን ባቡር ተከፋፈሉት። ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ለፈረንሳይ፣ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለው ለእንግሊዝ ሆነ፤ ኢጣሊያም ሁለቱን ቅኝ ግዛቶቿን የሚያገናኝ መሥመር ተመኘች። በዚያው ዓመት ሙሴ ኢልግ ከኢትዮጵያ ወጥተው ነበር፤ ኩባንያቸውም በ1907 (እ.ኤ.አ.) ከሠረ። በጥር ወር 1900 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ሐኪም በነበሩት በዶክተር ቪታልየን በኩል አዲስ ፈቃድ ተሰጠ፤ አዲስ ኩባንያም ቆመ። የአዲሱን ኩባንያ ስም ከአሮጌው ጋር ለሚያስተያይ ሰው የሦስተኛው ክፍል መርዶ እዚያ ላይ ተጽፎ ይገኛል። «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት» የሚለው ወጥቶ በምትኩ «የፈረንሳይና የኢትዮጵያ የምድር ባቡር፣ ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ» የሚል ገባ።